ከፍተኛ ትርፍ ወይስ የታወቀ ወለድ? በዲፋይ ስለ ቋሚ ወለድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፉት ዓመታት ቡና ላይ ቁጭ ብዬ የምጠየቀው ነገር ከግብር ወደ ክሪፕቶ ዞሯል። ጠያቂዎቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ ሠርተው ክፍያቸው በስቴብልኮይን፣ ማለትም ዋጋው ከ1 ዶላር እንዳይርቅ ተደርጎ በተሠራ ሳንቲም የሚደርሳቸው ወጣቶች ናቸው። ሌሎቹ ውጭ አገር ሆነው እዚህ ቤተሰብ የሚደግፉ የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ «ገንዘቡ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ የት ላድርገው?» ነው። እኔ የምመልሰው፣ ወጪዎ የታወቀ ቀን ካለው ወለድዎም መጠኑና ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን ብዬ ነው። ምክንያቱን ከነድክመቱ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የውጭውን ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው አስቀምጫለሁ።

ዲፋይ ምንድን ነው?

ያልተማከለ ፋይናንስ ማለት ነው። ባንክ የሚሠራው ሥራ፣ ማበደሩ፣ መበደሩ፣ ገንዘብ መለወጡ፣ ስማርት ኮንትራት በሚባል የኮምፒውተር ውል ይከናወናል። ውሉ የሚኖረው በአብዛኛው ኢተርየም በሚባለው የክሪፕቶ ኔትወርክ ወይም እንደ አርቢትረም ባሉ ከእሱ ጋር በተያያዙ ኔትወርኮች ላይ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የለም፣ መስኮት የለም፣ ሲሳሳቱ «ይመለስልኝ» ብለው የሚሄዱበት ሰውም የለም።

ወለዱ ከየት ነው የሚመጣው?

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው፤ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው።

አንዱ ምንጭ ተበዳሪ ነው። እንደ አቬ እና ኮምፓውንድ ባሉ የብድር ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም በስማርት ኮንትራት በተሠሩ አገልግሎቶች ላይ አንድ ሰው ከሚበደረው የሚበልጥ ማስያዣ አስቀምጦ ይበደራል፣ እሱ ከሚከፍለው ወለድ ለአስቀማጩ ይደርሰዋል። ይህ ለሁላችንም የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛው የልውውጥ ኮሚሽን ነው። ሁለት ሳንቲሞችን አንድ ገንዳ ውስጥ ያስገባሉ፣ ሰዎች በገንዳው በኩል ሲለዋወጡ ከሚከፍሉት ድርሻዎን ያገኛሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያውቁት ወጪ አለ። ከሁለቱ ሳንቲሞች የአንዱ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ፣ ገንዳ ውስጥ ያስገባ ሰው ሁለቱን በእጁ ይዞ ቢቀመጥ ከሚኖረው 5.7 በመቶ ያህል ያነሰ ይቀረዋል። ኮሚሽኑ ይህን ካልሸፈነ ትርፍ የለም።

ሦስተኛው ምንጭ ከዲፋይ ውጭ ያለ ገቢ ነው፤ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ፣ የኢተርየምን ሳንቲም ኢተርን በማስያዝ የሚገኝ ክፍያ፣ በወደፊት ውሎች ገበያ ላይ የሚገኝ የዋጋ ልዩነት። አራተኛውን ለብቻው ማየት ይገባል። ፕሮቶኮሉ ራሱ የፈጠረውን ሳንቲም፣ ቶከን የሚባለውን፣ እየመዘዘ «ይኸው ወለድህ» የሚልበት ነው። 80 በመቶ፣ 200 በመቶ፣ 1,000 በመቶ የሚሉት ቁጥሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። ቶከኑን የሚገዛ አዲስ ሰው እስካለ ድረስ ቁጥሩ እውነት ይመስላል። ገዢው ሲቀንስ ሁሉም የተከፈለውን ይዞ ወደ ሽያጭ ይሮጣል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ቋሚ ወለድ እንዴት ይሠራል? ማን ነው ያንን ያህል ለመክፈል የሚስማማው?

በጣም የሚታወቀው መንገድ ፔንድል የሚባለው ፕሮቶኮል የሚጠቀምበት ነው። ወለድ የሚያፈራን አንድ ሳንቲም ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ክፍል ዋናው ገንዘብ ነው፣ ፒቲ ይባላል። ሁለተኛው እስከ አንድ የታወቀ ቀን ድረስ የሚመጣው ወለድ ነው፣ ዋይቲ ይባላል። ሁለቱ ለየብቻ ይሸጣሉ።

ዋናው ገንዘብ ወለዱ ስለተነጠቀ ዛሬ በቅናሽ ይሸጣል። ለምሳሌ ከስድስት ወር በኋላ 1,000 ዶላር የሚያወጣውን ዛሬ በ970 ዶላር ገዙ እንበል። ቀኑ ሲደርስ 1,000 ይሆናል። ትርፍዎ 30 ዶላር ነው፤ በስድስት ወር 3.09 በመቶ፣ በዓመት ሲሰላ 6.2 በመቶ ገደማ። ይህን የገዙ ዕለት ያውቁታል። መሐል ላይ የገበያው ወለድ ወደ 2 ቢወርድም ወደ 15 ቢወጣም የእርስዎ 30 ዶላር አይነካም። መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ በቅናሽ ሸጦ በቀኑ ሙሉውን እንደሚከፍለው ነው። ያንን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከፋዩ ማን ነው? ዋይቲውን የገዛው ሰው ነው። እሱ በ30 ዶላር የስድስት ወሩን ወለድ ሁሉ ገዝቷል። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ቢሆን 50 ዶላር ይሰበስባል፣ 20 ያተርፋል። ወደ 3 በመቶ ቢወርድ 15 ብቻ ይሰበስባል፣ 15 ይከስራል። እሱ ያልታወቀውን ወሰደ፣ እርስዎ የታወቀውን። ማንም ማንንም አላታለለም፤ ሁለት የተለያየ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ተገናኝተው ነው።

ሌላው መንገድ እንደ ኖሽናል ያሉ ፕሮቶኮሎች የሞከሩት ነው። አበዳሪና ተበዳሪ የመክፈያ ቀንና የወለድ መጠን ተስማምተው ይዋዋላሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ገበያው ግን ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ዪልድ ፕሮቶኮል የሚባለው ለዚህ ሥራ ተቋቁሞ ለቋሚ ወለድ ብድር በቂ ፈላጊ ስላላገኘ በ2023 መጨረሻ ዘግቷል።

20 በመቶ የሚከፍል ቦታ እያለ ለምን 6 በመቶ ልምረጥ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሄደ ሰው የጣርማበርን ዋሻ ያውቀዋል። ከዋሻው ወዲህ ብርዱ፣ ገብሱ፣ የመንዝ በጉ ነው። ከዋሻው ወዲያ በደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሙቀቱ፣ ማሾው፣ የመስኖ ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት የዘራ ሰው ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት፣ ለፓምፕ ነዳጅ ገንዘቡን አስቀድሞ ያፈስሳል። ዋጋ ከገጠመው በአንድ ምርት ባጃጅ ይገዛል። ካልገጠመው ለቃሚ ቀጥሮ ማስነሣት ራሱ ኪሳራ ይሆንበታል። ሽንኩርት ደግሞ «ዋጋ እስኪመጣ ይቆይ» አይባልም። ከዋሻው ወዲህ ደግሞ ከብቅል ፋብሪካ ጋር ተዋውሎ የቢራ ገብስ የሚያመርት ገበሬ አለ። ዋጋውን ተስማምቷል፣ ለማን እንደሚያስረክብ ያውቃል። አይከብርበትም። ግን ለልጁ ደብተር፣ ለዕዳው፣ ለክረምቱ ወጪ ምን ያህል እንደሚደርሰው ሳይዘራ ያውቃል።

ሽንኩርት መዝራት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የደብተሩን ገንዘብ ሽንኩርት ላይ ማፍሰስ ነው።

እኔ ራሴ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ 600 ዶላር በዓመት 140 በመቶ የሚል ገንዳ ውስጥ አስገባሁ። ግማሹ ስቴብልኮይን ነበር፣ ግማሹ የፕሮቶኮሉ የራሱ ቶከን። በየቀኑ ወለድ ይገባ ነበር፤ ማታ ማታ እየከፈትኩ አያለሁ፣ የቶከኑ ብዛት ይጨምራል። ልብ ያላልኩት የአንዱ ቶከን ዋጋ በየሳምንቱ መውረዱን ነው። ጥር ላይ ቶከኑ ከገባሁበት ዋጋ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ነበር፣ ከነወለዱ የወጣልኝም 220 ዶላር አይሞላም። ያ ገንዘብ የልጄ የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ክፍያ ነበር። ከወንድሜ ተበድሬ ከፈልኩ። ዛሬም ያስቆጨኛል። የሚያስቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ ቁጥር ማንበብ ሙያዬ ሆኖ ሳለ ያንን ቁጥር ሳልመረምረው መግባቴ ነው።

እንግዲያው «ቋሚ» የሚል ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ነው?

አይደለም። የዲፋይ ታሪክ ካየው ውድቀት ሁሉ ትልቁ የመጣው «የተረጋጋ፣ የታወቀ» ተብሎ ከተሰበከ ወለድ ነው።

አንከር የሚባለው የተቀማጭ ፕሮቶኮል በማርች 2021 ሥራ ሲጀምር ዩኤስቲ ለተባለው የቴራ ኔትወርክ ስቴብልኮይን በዓመት 19.5 በመቶ ያህል ይከፍል ነበር። ወለዱ እንደሌሎቹ አይዋዥቅም፣ እንደ ቁጠባ ደብተር የታወቀ ነው ተባለ። ሰዎች ቤት ሽጠው ገቡ። ግን ስሌቱን የሠራ ሰው ቀዳዳውን ያይ ነበር፤ ከተበዳሪዎች የሚሰበሰበው ለአስቀማጮች ከሚከፈለው ያንስ ነበር። ልዩነቱ የሚሸፈነው ከመጠባበቂያ ገንዘብ ነው። መጠባበቂያው እያለቀ ሲሄድ በፌብሩዋሪ 2022 ከውጭ 450 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረበት። በሜይ 2022 ዩኤስቲ ከ1 ዶላር ወረደ፣ አልተመለሰም። ከእሱ ጋር የተያያዘው ሉና የተባለ ሳንቲም አብሮ ወደቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የ40 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ጠፋ።

ስለዚህ አስቀማጩ «ቋሚ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ አይቁም፤ «ቋሚ የሚያደርገው ማን ነው? ከየትኛው ኪስ?» ይበል። በፒቲ ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቅናሹ የመጣው ዋይቲ ከገዛው ሰው ነው፣ ተከፍሎ ያለቀ ነው፣ ማንም ወደፊት ከኪሱ ሊሞላው ቃል አልገባም። በአንከር ላይ መልሱ «ከመጠባበቂያው» ነበር። ከገበያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወለድ ቋሚ ነው ሲባል ከተለዋዋጩ ይልቅ ሊያስፈራዎት ይገባል።

አቬ ላይ 12 በመቶ አይቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ይቆይልኛል?

አይቆይም። ያ ቁጥር የዚያች ሰዓት ቁጥር ነው። ገንዳው ውስጥ ካለው ገንዘብ አብዛኛው ሲበደር ወለዱ ይወጣል፣ ተበዳሪ ሲቀንስ ወይም አዲስ አስቀማጭ ሲጎርፍ ይወርዳል። ከፍ ያለ ወለድ አይተን በምንጎርፍበት ሰዓት ራሳችን እናወርደዋለን ማለት ነው። ዳይ የተባለውን ስቴብልኮይን የሚያወጣው ሜከርዳኦ በኦገስት 2023 ለዳይ አስቀማጮች ወለዱን ወደ 8 በመቶ አወጣው፤ ትላልቆቹ ሲሻሙበት በዚያው ወር ወደ 5 ዝቅ አደረገው። ማታለል አልነበረም፣ የተለዋዋጭ ወለድ ባሕርይ ነው። በ8 አስልቶ ዕቅድ ያወጣ ሰው ግን ዕቅዱ ፈረሰበት።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዓመታዊ 100 በመቶ» የሚለውና ወለዱ በየቀኑ ዋናው ላይ እየተደመረ የተሰላው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው 171 በመቶ ገደማ ሆኖ ይጻፋል። ሁለት ቦታ ሲያወዳድሩ በአንድ ዓይነት ስሌት መሆኑን ያረጋግጡ።

ቋሚ ወለድ ዋስትና አለው?

የለውም። የሚቆመው የወለዱ መጠን ብቻ ነው። ከሥር ያሉት ነገሮች ሁሉ ሊነቃነቁ ይችላሉ።

ሳንቲሙ ራሱ ሊነቃነቅ ይችላል። ዩኤስዲሲ ከሁሉ የተሻሉ ከሚባሉት ስቴብልኮይኖች አንዱ ነው፤ በማርች 2023 ግን አውጪው ሰርክል ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላሩ በወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ መኖሩ ሲታወቅ ዋጋው ወደ 0.88 ዶላር ገደማ ወረደ። በቀናት ውስጥ ተመለሰ። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ደንግጦ የሸጠ ሰው ግን የሁለት ዓመት ቋሚ ወለዱን በአንድ ሌሊት ከፈለ።

ውሉ የተጻፈበት ኮድም ሊሰበር ይችላል። ኦይለር በባለሙያዎች በተደጋጋሚ የተመረመረ የብድር ፕሮቶኮል ነበር፤ በማርች 2023 197 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተዘረፈበት። አብዛኛው ኋላ ተመልሷል፣ ይህ ግን የማይደጋገም ዕድል ነው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በፔንድል ላይ ተደርቦ የተሠራው ፔንፓይ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠፋበት። የፔንድል የራሱ ገንዘብ አልተነካም። «ፔንድል ላይ ነው ያስቀመጥኩት» እያሉ በተጨማሪ ወለድ ተስበው ፔንፓይ ላይ የተቀመጡት ግን ተነኩ። ከዚህ የወሰድኩት ልማድ አለ፤ በአንድ ውል ላይ ሌላ ውል፣ በእሱ ላይ ሌላ ሲደራረብ አልገባበትም። ተጨማሪዋ 2 በመቶ አንድ ፎቅ ከፍ ማለት ናት።

ስሙንም አይመኑ። አቬ ለተበዳሪዎች «የተረጋጋ ወለድ» የሚል ምርጫ ነበረው፤ አንዳንድ ሁኔታዎች ሲሟሉ ሊቀየር የሚችል ነበር። በ2023 መጨረሻ የደኅንነት ስህተት ከተገኘበት በኋላ ቀርቷል።

ከቀኑ በፊት ገንዘቡ ቢያስፈልገኝስ?

መሸጥ ይችላሉ፣ በዕለቱ ዋጋ። ቅድም በ970 የገዙትን እንውሰድ። ሁለት ወር ቆይተው ሊሸጡ ሲሉ የገበያው ወለድ ወደ 12 በመቶ ወጥቶ ቢሆን፣ የቀረው አራት ወር ስለሆነ ዋጋው 961 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ከገዙበት በታች። ወለዱ ወደ 4 ወርዶ ቢሆን ግን 987 ያህል ያገኛሉ። «ቋሚ» የሚለው ቃል የሚሠራው እስከ ቀኑ ለጠበቀ ብቻ ነው። ገበያው ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሲሸጡ ዋጋው በራስዎ ሽያጭ ይወርዳል።

ለዚህ ነው ለሕመምና ለሐዘን የሚሆን ገንዘብ እዚህ አይገባም የምለው። እሱ በእጅ ወይም በባንክ ደብተር ይሁን።

የስንት ወር ልምረጥ?

ከወጪዎ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የሚያልቀውን ይፈልግ። ለቤተሰብ የማዳበሪያ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ግንቦት ላይ፣ ለጥር ሠርግ ኅዳር ላይ ያበቃ። ሁልጊዜ ቢያንስ የሦስት ሳምንት ትርፍ ጊዜ ይተዉ። ምክንያቱም አንዳንዱ ሳንቲም ቀኑ ሲደርስ የሚመለሰው በቀጥታ በስቴብልኮይን ሳይሆን በሌላ ወለድ በሚያፈራ ሳንቲም መልክ ነው፤ እሱን ለማስመለስ የቀናት መጠበቂያ ሊኖረው ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማሰርም አልወድም። በሦስት ከፍሎ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ወር ማድረግ ይቻላል። አንዱ ሲያልቅ በጊዜው ያለውን ወለድ አይቶ እንደገና መግዛት ይመጣል።

ተለዋዋጩ የሚሻልበት ጊዜ የለም?

አለ። ወለድ እየወጣ በሚሄድበት ጊዜ በ6 በመቶ ያሠረ ሰው ጎረቤቱ 11 ሲያገኝ ያያል። የገብስ ውል የገባው ገበሬም የገበያው ዋጋ ከውሉ በላይ ሲወጣ ይቆጨዋል፤ አንዳንዱ ውሉን ትቶ ለነጋዴ እስከመሸጥ ይደርሳል። በስማርት ኮንትራት ላይ ያ መንገድ የለም፤ ቀድሞ መውጣት የሚቻለው ከላይ እንዳልኩት በኪሳራ ነው። ቀን የሌለው፣ ቢቀንስም የማይጎዳዎት ገንዘብ ካለ ተለዋዋጩ ላይ መሆኑን አልቃወምም።

ወለዱ በብር ሲታሰብስ?

ቋሚው በዶላር ነው እንጂ በብር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። በዚያ ጊዜ ዶላር የያዘ ሰው ትርፉ ከ6 በመቶው አልነበረም፣ ከምንዛሪው ነበር። ተመኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ወጪያቸው በብር የሆነ ሰዎች ይህን የወለድ ችሎታ አድርገው እንዳይቆጥሩት እፈራለሁ።

በብር ለሚቆጥብ ሰው ቅርቡ መፍትሔ እዚሁ አለ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ለዓመታት ከዚህ በላይ ስለነበር ገንዘቡ ይሸረሸራል፣ ይህን መካድ አይቻልም። በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ተቀማጭ ግን በድርድር ከዚህ የተሻለ ያስገኛል፣ የግምጃ ቤት ሰነድም አለ። ባንክ ቢወድቅም እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ተቀማጮችን የሚክስ የመድን ፈንድ አገራችን ውስጥ ተቋቁሟል። ዲፋይ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

በኢትዮጵያ ሕጋዊ ነው?

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ ሕጋዊው መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ክፍያና ግብይት መፈጸም የተከለከለ መሆኑን አስታውቋል። እዚህ ሆኖ ብሩን በጓዳ ለውጦ ሳንቲም ገዝቶ ለመግባት የሚጠይቀኝን ሰው «ተው» እለዋለሁ፤ ሕጉም ምንዛሪውም ይጎዳዋል። ይህን ገጽ በብዛት የጻፍኩት ነዋሪነታቸው በሚፈቀድበት አገር ለሆኑት ነው። እዚያም ቢሆን የግብር ግዴታን ማየት ያስፈልጋል፤ የፒቲ ቅናሽ በብዙ አገር ገቢ ነው።

100 ዶላር ብቻ ቢኖረኝስ?

100 ዶላር በ6 በመቶ ለስድስት ወር 3 ዶላር ያስገኛል። በዋናው የኢተርየም ኔትወርክ ላይ ሥራ በበዛበት ሰዓት አንድ መግዣና አንድ መሸጫ ከዚህ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። አርቢትረምን በመሰለ ኔትወርክ ላይ ክፍያው በጣም ጥቂት ስለሆነ እዚያ ለልምምድ ያህል ይቻላል። ለትርፍ ብለው ግን አይድከሙ። 100 ዶላር ለእንግሊዝኛ ወይም ለሙያ ኮርስ ቢውል ይሻለኛል ብዬ ለብዙ ልጆች ነግሬአለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ቴሌግራም ላይ «በቀን 2 በመቶ ቋሚ» የሚሉትስ?

እስክሪብቶ ያንሡ። በቀን 2 በመቶ ዋናው ላይ እየተደመረ ዓመት ቢቆይ 1,000 ብር ከ1.37 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያስገኝ ሥራ ያለው ሰው የእርስዎን 1,000 ብር ለምን ይለምናል? ይህ ዲፋይ አይደለም፣ ስማርት ኮንትራትም የለውም። ከኋላ የገባው ለፊተኛው የሚከፍልበት ነው። በሰፈራችን በዚህ የተጎዱ እናቶችን አውቃለሁ፤ ያስገቧቸው ደግሞ የሚያምኗቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ልጆቹም አምነው ነው ያስገቧቸው፣ በመጀመሪያው ወር ተከፍሏቸው ነበርና።

የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል። ላስገባው?

የቀሪዎቹን ዙሮች መዋጮ ከደመወዝዎ የሚከፍሉ ከሆነ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ ይወስኑ። መዋጮውን ከዚሁ ገንዘብ በሚገኝ ወለድ ለመክፈል ካሰቡ ግን አይሆንም። በብድር ገንዘብ መግባትም እንደዚሁ ነው።

ከመግባቴ በፊት ምን ላጣራ?

መጀመሪያ ከሥር ያለው ሳንቲም ምን እንደሆነ። ፒቲ ርካሽ ሆኖ ሲያገኙት፣ ለምሳሌ ሌላው 6 በመቶ ሲሰጥ እሱ 25 ሲሰጥ፣ ገበያው የሚነግርዎ ነገር አለ፤ ከሥር ያለው ሳንቲም ቀኑ እስኪደርስ 1 ዶላር ስለመቆየቱ ሌሎች ይጠራጠራሉ። ይህን ቅናሽ እንደ ዕድል አይቁጠሩት።

ከዚያ የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ በፍለጋ ማስታወቂያ የሚመጣ ተመሳሳይ ገጽ ዋሌትዎን፣ ማለትም ሳንቲምዎን የሚይዙበትን መተግበሪያ፣ ባዶ ያደርጋል። የዋሌትዎን 12 ወይም 24 የምስጢር ቃላት ለማንም፣ «የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ» ለሚልም ጭምር አይስጡ፤ በወረቀት ጽፈው ስልክ ውስጥ ፎቶ ሳያነሡ ያስቀምጡ። ለስማርት ኮንትራት ፈቃድ ሲሰጡ ያልተገደበ መጠን ሳይሆን የሚያስገቡትን ልክ ይጻፉ። ትልቁን ገንዘብ ከመላክዎ በፊት በ20 ዶላር ሙሉውን ዙር ይሞክሩት፤ መግባቱንም መውጣቱንም። መውጣቱን ሳይሞክር የገባ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚደውልልኝ።

ይህን ለአባቴ እንዴት ላስረዳ?

ይህን የጠየቀችኝ ከመሐል ሜዳ የመጣች፣ ለውጭ ድርጅት በርቀት የምትሠራ ልጅ ናት። አባቷ «ገንዘብሽ የታለ?» ብለው ጠይቀዋት መልስ አጥታለች። እኔ የነገርኳት ይህን ነው፦ «አባዬ፣ አንድ ሰው በነሐሴ 1,000 የሚሆን ሰነድ ዛሬ በ970 ሸጠልኝ። ሰነዱ የተያዘው በሰው እጅ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ወይም ከተሰረቀ የምከስሰው የለኝም። ስለዚህ ካለኝ ከአሥር አንዱን ብቻ ነው ያስገባሁት» በያቸው። እሷ ግን ካላት ግማሹን አስገብታ ነበር። ይህን ለአባቷ ጮክ ብላ መናገር ሲከብዳት ነው መቀነስ እንዳለባት የገባት፤ ቀኑ ሲደርስ አወጣችና በአንድ አሥረኛ ጀመረች።

ቀኑ ሲደርስ በራሱ ወደ ዋሌቴ ይገባል?

አይገባም። እርስዎ ገብተው ማስመለስ አለብዎት። ቢረሱት አይጠፋም፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወለድ አያፈራም፤ ሦስት ወር ረስተው በነጻ ያስቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። የፔንድል ገንዳዎች የሚያበቁት ሐሙስ ቀን በዓለም አቀፍ ሰዓት ዜሮ ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ተነሥተው መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ይደርሳል። ቀኑን ግን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በእኛ ወርና ቀን፣ ዛሬውኑ ያክብቡት።